ስለ ሰማያዊው ኩባያ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ነገር በስልክ ባነሳሁ ቁጥር ስለምታለቅሺ መጻፉን መረጥሁ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ክረምት እዚህ ሜሪላንድ ሳለሽ የልጄን ሰማያዊ ኩባያ ለብቻው አጥበሽ ከሌላው ዕቃ አርቀሽ በመስኮቱ ጥግ ስትደፊው አይቼሻለሁ። ዝም ያልሁት ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በወጉ አላስረዳሁሽም።

ልጄን ይዞት የነበረው ሄፓታይተስ ሲ፣ ጉበት የሚጎዳው ቫይረስ፣ በኩባያ አይተላለፍም። በማዕድ፣ በጉርሻ፣ በመሳምም አይተላለፍም። መንገዱ ደም ነው። የጥርስ ብሩሽና ምላጭ ለየብቻ ማድረግ፣ የደማ ቁስል መሸፈን፣ በቃ። የያዘው ጡት ስላጠባሁትም አይደለም፤ ጫፉ ቆስሎ ካልደማ በወተት አይተላለፍም።

እኔም እንዳለብኝ ያወቅሁት እርሱን ሳረግዝ በተደረገልኝ ምርመራ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ካለ መቶ እናቶች ከሚወለዱ ልጆች ስድስት ያህሉን ይይዛል። የእኔው ከስድስቱ ሆነ። «ዓይኑ ቢጫ አልሆነ፣ ታዲያ ምኑ ነው የወፍ በሽታ?» ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ የአብዛኞቹ ልጆች ዓይን ቢጫ አይሆንም። ይበላሉ፣ ይሮጣሉ፣ ያድጋሉ። ጉበት የሚናገረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ክንዱን መተኮስ ያልሽውን ግን እባክሽ ለጎረቤትም አትምከሪ።

ሦስት ዓመት እስኪሞላው የጠበቅነው ችላ ብለን አልነበረም። አንዳንዱ ሕፃን ቫይረሱን ራሱ ያጠፋዋል፤ መድኃኒቱም የሚሰጠው ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነው። የእርሱ አልጠፋም። ለ12 ሳምንት ማታ ማታ ከጎመን ዘር የማይበልጡ ቅንጣቶች በአይስክሬም ላይ እየበተንሁ አጎረስሁት። ሳይታኘክ መዋጥ አለበት፤ ከታኘከ ይመርራል። አንድ ማታ አኘከውና ፊቱን አጨማዶ «አይስክሬሙ ተቆጣኝ» አለኝ። መድኃኒቱን ከጨረሰ 12 ሳምንት ሲሆነው ደሙ ታየ፤ ቫይረሱ የለም። እኔም ጡት ካስጣልሁት በኋላ ታክሜ ድኛለሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። እንጥሌን ያስቆረጥሽበትን ቀን እያነሳሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ለዚያች ምላጭ ተሰልፏል፤ በዚያ ጊዜ የምትታማው ያላስቆረጠች እናት ነበረች። ከምላጩ ይሁን ከሌላ፣ ዛሬ ማንም ሊነግረን አይችልም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜን በ1975 ዓ.ም. ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ የሰው ደም እንደተሰጠሽ አንቺው ነግረሽኛል። ይህ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1981 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተሰጠሽን ደም ለዚህ ብሎ ሊመረምር የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እኔና ታናሼ የተወለድነው ያ ደም ከተሰጠሽ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተመርመሪልኝ። ከእኔ ወደ አንቺ የሚመለስ ክስ አድርገሽ እንዳታዪብኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ተሸክመሽው ከሆነ ይበቃሻል ነው የምለው። መጀመሪያ አንቲቦዲ፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ነገር፣ በደምሽ ያዩልሻል። እርሱ ከተገኘ ቫይረሱ ዛሬም መኖሩን የሚያሳይ ሁለተኛ ምርመራ አለ፤ ያለ ሁለተኛው አትመለሱ። ካለብሽም የሚዋጥ ክኒን ነው፣ ጥቂት ወር።

ታናሼ ማክሰኞ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ይወስድሻል፤ እርሱም ክንዱን ይሰጣል፣ አስምዬዋለሁ። ገንዘቡን ልኬለታለሁ። ደግሞ «ለበዓሉ በግ ይሁን» ብለሽ እንዳትቀበዪው፤ የበጉን ለብቻው እልካለሁ።

ልጅሽ