የእናቴን የይለፍ ቃል የያዘው የጎረቤት ልጅ ነው

ለዜጎች የኦንላይን አካውንት ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እናቴ የመንግሥት አካውንት አላት። አላት ስል በስሟ ተከፍቷል ለማለት ነው እንጂ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። ስማርት ስልክ የላትም፣ እኔም ሩቅ ነኝ። የከፈተላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ኢሜይሉ የሱ፣ ኮዱ የሚመጣው በሱ ስልክ፣ የይለፍ ቃሉንም ያወጣው እሱ። የሷ ድርሻ የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው። መነጽሯ ማኅደር ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

ባለፈው ወር የሕክምና ውጤቷ ሲመጣ መጀመሪያ ያነበበው ልጁ ነው። ሊነግራት መጥቶ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር አለችኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው እናንተን ነው።

ስለ ደህንነት ስታወሩ ሁሌ ሃከር ሃከር ነው። ስማርት ስልክ፣ ኢሜይልና የፊት ፎቶ ግድ ሲሆን ግን፣ እነዚህ የሌሉት ሰው ጡረታውን ወይ ግብሩን ትቶ አይቀመጥም፣ መተው አይችልማ! ምስጢሩን ለሌላ ሰው አስረክቦ ይገባል። ይሄን ማንም ሃከር አላደረገውም፣ የእናንተው ፎርም ነው ያደረገው።

የፊት ፎቶን ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከፎቶ ፆታ የሚለዩ ሶፍትዌሮችን ሲፈትሽ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል፤ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ አንድ በመቶም አልሞላ። ማንነት ማረጋገጥ ሌላ ሥራ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ማሽኑ አልተዛመደም ባለ ቁጥር ሰውየውን አጭበርባሪ አታድርጉት። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት እንኳ በ2022 ተቃውሞ ሲበዛበት የፊት ማረጋገጫን ግድ ማድረጉን ትቷል። አሻራም ቢሆን፣ ዕድሜውን በእጁ ሲሠራ የኖረ ሰው አሻራው ያልቃል።

የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ አንድ ሰው በገዛ መግቢያው ገብቶ፣ በተፈቀደለት ጉዳይ ብቻ ሌላውን ወክሎ መሥራት ይችላል፣ የይለፍ ቃል መዋዋስ ብሎ ነገር የለም። ያ ቢኖር ልጁ ግብሯን ይከፍልላት ነበር፣ ሕክምናዋን ግን አያይም። ኢስቶኒያ ደግሞ ዜጋው የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን እንዳየ ራሱ ገብቶ ያያል። የእናቴን ፋይል እናንተ ቤት ስንት ሰው እንደሚከፍተው እኔ በምን አውቃለሁ?

ደግሞ ሰው የተቀመጠበት መስኮት አትዝጉ። ወረፋው ይርዘም ግድ የለም፣ ብቻ ይኑር።

መልስ ካላችሁ በአካውንቷ እንዳትልኩት፣ የሚያነበው ልጁ ነው። በወረቀት ይሁን፣ ጻፍ ጻፍ አድርጋችሁ በጉልህ ፊደል።