ጀርባሽን ለጎሉ ስትሰጪ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ጀርባዬን ለጎሉ ሰጥቼ ኳስ ስቀበል ተከላካዮቹ ይቀሙኛል ብለሽ ነበር። የስኮትላንዳዊውን አጥቂ የኬኒ ዳልግሊሽን የድሮ ጨዋታዎች ፈልገሽ እዪ። ይህ የግላስጎው ልጅ ፈጣን ሯጭ አልነበረም። ግን ለሴልቲክ 167፣ ለሊቨርፑል 172 ጎል አግብቷል፤ ለስኮትላንድ 102 ጊዜ ተሰልፎ 30። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

እግሩን ተዪና መቀመጫውን አስተውዪ። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ዝቅ ይላል፣ መቀመጫውን ወደ ተከላካዩ ይገፋል፣ ክርኖቹን ትንሽ ከፈት ያደርጋል። ቀጥ ብለሽ ከቆምሽ በትከሻ ገፍተው ይጥሉሻል፤ በእጅሽ ከያዝሻቸው ደግሞ ዳኛው ይነፋብሻል። ኳሷ መንገድ ላይ ሳለች አንዴ ወደ ኋላ ዞር ብለሽ እዪ። ከተከላካይዋ በሚርቀው እግርሽ ተቀበዪ። በቀኝ ጎንሽ ከተጫነችሽ በግራ ዙሪ። አንዱ ንክኪ ለመዞር፣ ሁለተኛው ለመምታት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቀማው ሦስተኛውን ሲጨምር ነው።

መቸኮልም አያስፈልግም። በ1978 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዌምብሊ ላይ፣ የሊቨርፑል ጓደኛው ሱነስ አቀበለው፤ የክለብ ብሩጅ በረኛ እስኪወድቅ ጠበቀና በላዩ ከፍ አድርጎ አገባት። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ።

አሠልጣኝ መሆንም ያምረኛል ስላልሽ ይህን ልጨምር። በ1985፣ ደጋፊዎች ካለቁበት የሄይሰል ስታዲየም አደጋ ማግስት፣ በ34 ዓመቱ የሊቨርፑል ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰደ። በ1987 ጎል አግቢው ኢያን ረሽ ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ሌላ ረሽ ፍለጋ አልባከነም። ጎል የሚጨርስ አልድሪጅ፣ ከኋላው ዳልግሊሽ ራሱ ይጫወትበት የነበረው ቦታ ላይ ቤርድስሊ፣ በግራ ክንፍ ባርንስ። በ40 የሊግ ጨዋታ የተሸነፉት 2 ብቻ ነው።

በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም የደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊ ጨረሰ። ዳልግሊሽ ከቀብር ቀብር ሲመላለስ ከረመ፤ በ1991 ሥራውን ለቀቀ። ቀጥሎ ባሠለጠነው በብላክበርን ያደረገው ቀላል ነው፤ ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች እያሻገሩለት አጥቂው ሺረር 34 ጎል አገባ። በ1995 በ89 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኑ፣ ማንችስተር ዩናይትድ በ88 ቀረ። በመጨረሻው ቀን አንፊልድ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፈውም ዋንጫው ከእጃቸው አልወጣም።

ኋላ ኒውካስልን ሲያሠለጥን ግን አልሆነለትም፣ ምክንያቱም በ1997 ክረምት አጥቂው ፈርዲናንድና የክንፍ ተጫዋቹ ዢኖላ በተሸጡበት ወቅት፣ ያኔ ኒውካስል የነበረው ሺረር ቁርጭምጭሚቱን ክፉኛ ተጎዳ። አጥቂ በሌለበት ቡድን ስንት ጥሩ አማካይ ቢኖር ኳሷ ማን ዘንድ ትቆማለች? በሊጉ 13ኛ ሆኑ።

መጀመሪያ የምታዪው በ1986 ቼልሲ ላይ ያገባውን ይሁን። ኳሷ ደረቱ ላይ ስታርፍ አቁሚና ተከላካዩ የት እንዳለ ጻፊልኝ።

አባትሽ