ሲሚንቶውን እንላጠው፦ ለጀጎል መስጊዳችን የድጋፍ ጥሪ

አሰላሙ አለይኩም የጀጎል፣ የግንብ አጥሯ የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ልጆችና ወዳጆች!

በሸዋ በር ገብታችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ትንሿን መስጊዳችንን ሳታዩዋት ልታልፉ ትችላላችሁ። እንደ ጃሚዕ መስጊድ ከሩቅ የሚታይ ሚናራ የላትም። ግን ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከተቆጠሩት 82 መስጊዶች አንዷ ናት። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነባው ግንብ ውስጥ 82 መስጊድ! የሐረር ሰው ለሶላት ሩቅ መሄድ አይወድም እያልን እንቀልዳለን።

አሠራሯ እንደ ቤቶቻችን ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተገንብቶ በኖራ ተለስኗል። ጣሪያው የእንጨት ወራጅ ተደርድሮ አፈር የተደመደመበት ነው። ኖራ ደጉ ነገር፣ ግድግዳው በክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ መልሶ ያስወጣዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን «አንዴ ጠንከር አድርገን እንገላገል» ብለን ውጩን በሲሚንቶ ለሰንነው። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እርጥበቱ መውጫ አጣ። ጭቃው ላላ፣ በቂብላ፣ ስንሰግድ ፊታችንን በምናዞርበት በኩል፣ ግድግዳው አበጠ፣ የወራጆቹም ጫፍ እዚያው እንደተቀበረ በሰበሰ።

ባለፈው ረመዳን ከሚህራቡ፣ ኢማሙ ከሚቆምበት ጎድጓዳ ስፍራ፣ አጠገብ መዳፍ የሚያህል ልስን ወደቀ። አንስቼ በጎኑ ሳየው ኖራው እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል። ረመዳን ሊገባ ሲል እየተቀባ የኖረ ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው። መቁጠር ጀምሬ ሃያ ላይ ተውኩት።

አሁን የጥገና ፈቃዱ በእጃችን ነው። ሲሚንቶውን የሚልጡት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቁም። የጎደለን የኖራ፣ የአራት ወራጅና የሁለት አንጋፋ ግንበኞች የቀን ሒሳብ ነው። ግንበኞቹ የኖራ ልስኑን ለወጣቶቹ እያሳዩ ሊሠሩ ተስማምተዋል። ኖራው ውሃ ውስጥ ሳምንታት መቆየት ስላለበት ገዝተን መዘፍዘፍ ያለብን ዛሬ ነገ ሳንል ነው። ሐምሌ ከገባ ዝናቡ አያሠራም።

ቶሮንቶና ጂዳ ያላችሁ በየአፎቻችሁ (በየመረዳጃ ማኅበራችሁ) ተነጋገሩና አሰባስቡ። የአንድ ኩንታል ኖራ ዋጋም ብትሆን ትልቅ ነገር ናት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በስድስት ኩንታል ቀድመውናል፣ እንዳናፍር! ለሁሉም ደረሰኝ አለ። የገባውና የወጣው በየጁምዓው በሩ ላይ ይለጠፋል።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከዓስር ሶላት በኋላ ብቅ በሉ። መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው።