የኮምፒውተር ትምህርት ከፍላሽ ቢጀምር

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የባሕር ዳር ኮሌጆች የአንደኛ ዓመት ተማሪን የኮምፒውተር ትውልዶች ከማሸምደድ በፊት ፋይሉን ማዳን ያስተምሩልን። በፔዳና በፖሊ ካምፓሶች ዙሪያ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፍላሽ ከማሽን ማሽን ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ሰነዶቹ ጠፍተው ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ብቻ ሲታይ ብዙ ተማሪ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ይሰርዛል፤ ልፋቱን በገዛ እጁ የሚያጠፋው ያኔ ነው። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።

ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። በዊንዶውስ የፍላሹ መስኮት ላይ ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ (የተደበቁ ፋይሎች) ላይ ምልክት አድርጉ። አሁንም ካልታየ ኦፕሽንስ ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። ሰነዶቻችሁን ብቻ ቅዱ፤ የማታውቁትን ፋይል ተዉት። የቀዳችሁትን በአንቲቫይረስ ፈትሹ፤ ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ፈተናውም ማሽን ላይ ይሁን፤ በወረቀት ላይ የተመለሰ ጥያቄ ፋይል አያድንም።

ሌላው መብራት ነው። ዎርድ ቅንብሩ ካልተነካ ለማገገሚያ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ድንገት ሲጠፋ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የዎርድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ገብቶ ወደ 1 ደቂቃ መቀነስ ይቻላል። ያም ሆኖ በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስን መጫን ይልመድባቸው።