የአብስትራክት ሥዕል ቅጂዎችን ከአሁን በኋላ ለምን እንደማንቆርጥና ቀለማቸውን እንደማንቀይር

ጉዳዩ፦ በፍሬም የሚዘጋጁ የጂኦሜትሪያዊ ሥዕሎች ቅጂ አዘገጃጀትን ይመለከታል

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰውን ወይም ዕቃን ሳይሆን ቅርጽንና ቀለምን ብቻ በማቀናበር የታወቁትን የአብስትራክት ሠዓሊዎች፣ የፒት ሞንድሪያንን፣ የካዚሚር ማሌቪችንና የቫሲሊ ካንዲንስኪን ሥዕሎች ቅጂ በፍሬም የምታዙን ደንበኞቻችን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ሦስት ነገር አለ፤ ሥዕሉ ከሶፋው ርዝመት ጋር እንዲመጣጠን እንዲቆረጥ ወይም እንዲለጠጥ፣ ቀዩ ከመጋረጃው ጋር እንዲሄድ እንዲቀየር፣ ፍሬሙም ወርቅማና ጌጠኛ እንዲሆን። እስካሁን ሁሉንም እሺ ስንል ቆይተናል። ከዚህ በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንሠራም፤ ሦስተኛውንም እንዳታደርጉት አስቀድመን አጥብቀን ሳንመክራችሁ አንቀበልም። ምክንያቱን ሳናስረዳ እንቢ ማለት ለእናንተ የሚገባውን አክብሮት ማጓደል ስለሚሆንብን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

ሐሳባችንን ያስለወጠን የራሳችን ስህተት ነው። አንዲት ደንበኛችን ሞንድሪያን እ.ኤ.አ. በ1930 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሣለውን፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ያለበትን ታዋቂ ቅንብር ለሳሎናቸው ወደ ጎን ረዘም ባለ መጠን እንድናትምላቸው ጠየቁን። ዋናው ሥዕል አራቱም ጎኑ እኩል በመሆኑ ከላይም ከታችም ቆርጠን ሰጠናቸው። በዚህ ሥዕል ትልቁ ቀይ ከላይ በስተቀኝ ተቀምጦ፣ ከታች በስተግራ ያለው ሰማያዊና በቀኙ ታች ጥግ ያለችው እጅግ ትንሽ ቢጫ ሚዛኑን ይጠብቁለታል። እኛ የታችኛውን ጠርዝ ስንቆርጥ ቢጫዋ ከነአካቴዋ ጠፋች፤ ሰማያዊውም አነሰ፤ ቀዩ ብቻውን ግድግዳውን ተጭኖ ቀረ። ደንበኛችን ምን እንደጎደለ በቃል ባያስረዱንም ሥዕሉ እረፍት እንደነሳቸው ነግረውን መለሱት፤ ልክ ነበሩ። በራሳችን ወጪ ሙሉውን አትመን ሰጥተናቸዋል።

ሸማኔ የጥበቡን ጥለት ክር ቆጥሮ እንደሚሠራው ሁሉ ሞንድሪያንም እያንዳንዱን መስመር የት እንደሚያሳርፍና ምን ያህል እንደሚያወፍር እየመዘነ ነበር የሚሠራው። በዚያው ሥዕል ውስጥ ጥቁር መስመሮቹ ሁሉ እኩል ውፍረት የላቸውም። ሥዕሉ ወደ ጎን ሲለጠጥ ቋሚዎቹ መስመሮች ብቻ ስለሚወፍሩ ይህ ምዘና ይፈርሳል። ስለዚህ መጠኑን ማሳነስም ማሳደግም እንችላለን፤ የቁመትና የጎን ምጥጥኑን ግን አንነካም። ረዥም ግድግዳ ላላችሁ የምንመክረው ካንዲንስኪ በ1923 የሠራውን «ቅንብር 8» (ኮምፖዚሽን 8) የተባለውን ሥዕል ነው፤ እሱ ከመነሻው 140 በ201 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን የረዘመ ሥዕል ነውና።

ቀለምን በተመለከተ፣ በስልካችሁ የምታዩት ሰማያዊ ብርሃን ሲሆን ወረቀት ላይ የሚያርፈው ግን ቀለም ነው፤ በተለይ ደማቅ ሰማያዊ ሲታተም ወደ ወይን ጠጅ የመሄድ ጠባይ አለው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል በቅድሚያ አንድ ቁራጭ ናሙና እናትማለን፤ በመስኮት ብርሃን ካያችሁትና ከተስማማችሁበት በኋላ ብቻ ሙሉውን እንሠራለን። የማሌቪችን የ1915 ጥቁር ካሬ ያዘዙን አንዳንድ ደንበኞቻችን በጥቁሩ ላይ የሚታዩትን ስንጥቆች የኅትመት ጉድለት አድርገው ቆጥረዋቸዋል። ስንጥቆቹ በሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ባለው በዋናው ሥዕል ላይም የሚታዩ ስለሆኑ አንሸፍናቸውም።

ስለ ፍሬሙ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፣ የእጅ ሥራችን እሱ ነውና። ሞንድሪያን ሸራውን በፍሬም ውስጥ ከመክተት ይልቅ ከፍሬሙ ወደ ፊት ወጣ አድርጎ ያሳይ ነበር። እኛም ይህን ተከትለን ጠፍጣፋ፣ ነጭ ወይም የእንጨት መልክ ያለው ቀጭን ፍሬም እናደርጋለን፤ በሥዕሉና በፍሬሙ መካከል የሚገባውን ወፍራም ካርቶንም እንተዋለን። የገጠር መልክዓ ምድር በተሣለበት ሥዕል ላይ ፍሬሙ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ማንም አያስተውለውም። ጥቁር መስመር ከፍሬሙ ጠርዝ ጎን ለጎን በሚሄድበት ሥዕል ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱን ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ እንለካለን፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ እናፈርሰዋለን። የሥራው ጊዜ ከሦስት ቀን ወደ ሰባት ቀን የረዘመው በዚህና በናሙናው ምክንያት ነው።

በጀርባው ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትም እንለጥፋለን። ሞንድሪያን በባለቀለም ቴፕ የሠራውና በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ ሙዚየም የሚገኘው የ1941 ሥዕሉ ለ75 ዓመታት ያህል ተገልብጦ ሲሰቀል እንደኖረ በ2022 አንዲት የሙዚየሙ ባለሙያ ካሳወቁ ወዲህ፣ ይህችን ትንሽ ቀስት መርሳት አንፈልግም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ቀለም ታደበዝዛለች፤ እባካችሁ ሥዕሉን የቀጥታ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቁት። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነም በሚስማር ብቻ አትስቀሉት፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት።

በመጨረሻም የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ፤ ጥያቄያችሁም ያስደስተናል፤ በአገራችን ለአብስትራክት ሥዕል መንገድ ከከፈቱት ቀዳሚው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት የአንድ ሠዓሊ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ማሌቪች በ1935፣ ሞንድሪያንና ካንዲንስኪ በ1944 ስላረፉ ጊዜያቸው አልፏል፤ ገብረ ክርስቶስ ግን ያረፈው በ1981 ስለሆነ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ ሥራዎቹን አናትምም። ዋናዎቹን ሥዕሎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በስሙ በተሰየመው ማዕከል ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከዚህ በፊት ቆርጠን ወይም ለጥጠን የሰጠናችሁ የሞንድሪያን ቅጂ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ የኅትመቱን ዋጋ ሳንጠይቅ በትክክለኛው ምጥጥን እናትምላችኋለን፤ የምትከፍሉት የአዲሱን ፍሬም ዋጋ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፍሬምና የኅትመት ክፍል ሠራተኞች