ልጆቻችሁ እጃቸው ቀይ አፈር ሆኖ ሲመጡ አትቆጧቸው

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆቻችሁ ጥፍራቸው ሥር ቀይ አፈር፣ እጅጌያቸው ላይ ከሰል ይዘው ቤት ሲገቡ ቆይተዋል። ሁለት እናቶች ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ትምህርት ቤት የላክናቸው ጭቃ ሊያቦኩ ነው እንዴ?" ብለውኛል። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ቀድመን ሳንነግራችሁ መጀመራችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የጥንት ሰዎች በዋሻ ግድግዳ ላይ የሣሏቸውን ሥዕሎች እየተማሩ ነው። በዚያው መንገድ ራሳቸውም ይሥላሉ። ቀለም ከሱቅ አንገዛም። ከአፈር፣ ከከሰልና ከጥላሸት እነሱው ያዘጋጁታል።

ሐሳቡ የመጣው መስከረም ላይ ነው። መምህሩ "ላም ሣሉ" አላቸው። አብዛኞቹ የሣሉት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሻኛ የሌላት፣ የወተት ማሸጊያ ላይ ያለችውን ላም ነበር። እነዚህ ልጆች እኮ ጠዋት ጠዋት ከብት የሚያወጡ ናቸው። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ከፋኝ። ልጆቻችን ዓይን አጥተው አይደለም። የቤታቸው ላም ለሥዕል የምትበቃ አልመሰለቻቸውም።

የዋሻ ሠዓሊዎቹ ግን የሚሥሉት አብሯቸው የሚኖረውንና የሚያድኑትን እንስሳ ነበር። ፈረንሳይ አገር ላስኮ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኙት አራት ጎረምሶች ናቸው። ውስጡ ያሉት ፈረሶች፣ ኮርማዎችና አጋዘኖች 17 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ስፔን ውስጥ አልታሚራ በተባለው ዋሻ ደግሞ ሥዕሉን መጀመሪያ ያየችው የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1879 ነው። አባቷ አቀርቅሮ ወለሉን ሲመረምር እሷ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ምሁራኑ ግን "የጥንት ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሥል አይችልም" ብለው ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩ። ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ በ1902 ስህተቱን በጽሑፍ አመነ። ይህን ታሪክ ክፍል ገብቼ ስነግራቸው የልጆቹን ፊት ባያችሁልኝ!

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2012 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ሥዕሎችን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። አራት እግር ያለው እንስሳ ሲራመድ እግሩን የሚያነሳበት ቅደም ተከተል በትክክል ተሥሏል ወይ? ከዋሻ ሥዕሎቹ ስህተት የተገኘባቸው 46.2 በመቶ ናቸው። የፈረስ እርምጃ በፎቶግራፍ ከመጠናቱ በፊት በነበሩት የኋለኛው ዘመን ሠዓሊዎች ሥራ ላይ ግን ስህተቱ 83.5 በመቶ ሆነ። ፎቶግራፉ ከመጣ በኋላ እንኳ 57.9 በመቶ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው አዳኝ በልጧቸዋል። ዕድሜ ልኩን እንስሳ ሲመለከት የኖረ ሰው ነዋ!

ስለዚህ ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጥተናቸዋል። በሬ ሲራመድ የኋላ ግራ እግሩን ካነሳ በኋላ ቀጥሎ የሚያነሳው የትኛውን ነው? መልሱን እዚህ አልጽፈውም። ከልጃችሁ ጋር በረት አጠገብ ቁሙና እዩ።

ይኼ የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በተባለው ዋሻ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የቀለም አፈርና ድንጋይ ተገኝቷል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ነው። ሰዎቹ ድንጋይ ላይ እየፈጩ ዱቄት ያደርጉት ነበር። እዚያው ምሥራቅ ለገ ኦዳ ላይ ከብቶች በቀለም ተሥለዋል። ዲላ አጠገብ ሸፔ ላይ ደግሞ ላሞቹ ቋጥኙ ላይ ተፈልፍለዋል። ወሎዬም ለዋሻ ባዕድ አይደለም። ይምርሃነ ክርስቶስ ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ጣሪያውም በሥዕል ያጌጠ ነው። ዘመኑ ግን በጣም የቅርብ ስለሆነ ልጆቹ እንዳያምታቱት ነግረናቸዋል።

ቀለም ማዘጋጀቱም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል። ቁርአን የሚቀራ ልጅም ሎሁ ላይ የሚጽፍበትን ከጥላሸት ያዘጋጃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ተነስቶ "አያቴ ሙጫ ነው የሚጨምሩበት፣ ያኔ አይለቅም" አለ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጠውና ሰሌዳው ላይ አስረዳ። አያትየውንም ጋብዘናቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዩን አፈር ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ በስስ ጨርቅ ይነፉታል። ከዚያ በውሃና በጥቂት የእንቁላል አስኳል ይለውሱታል። ብሩሻቸው ጫፉ የተቀጠቀጠ መፋቂያ ነው። ካኪ ወረቀት ይጨመድዱና መልሰው ይዘረጉታል፤ ዐለት ይመስላል። ጎበጥ ያለው ቦታ የበሬው ሆድ ይሆናል። የአልታሚራ ሠዓሊዎችም የዐለቱን ጉብታ እንዲሁ ተጠቅመውበታል። የእጅ አሻራም ይሠራሉ። የጥንቶቹ ሰዎች መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው ቀለሙን ዙሪያውን ይነፉበት ነበር። እኛ ግን በአፍ መንፋት ከልክለናል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንረጫለን። ኖራም አይነኩም፣ ዓይን ያቃጥላል። ነጩን የምናገኘው ከጠመኔ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ነፍስ ያለው ነገር መሣል ለልጃቸው እንደማይፈቅዱ ነግረውኛል። አብሽሩ። የዋሻዎቹ ግድግዳዎች በነጠብጣብ፣ በመስመርና በቅርጽ የተሞሉ ናቸው። ልጁ እነዚያን ይሠራል፣ ማርኩም አይቀነስበትም። ማንንም አናስገድድም።

ስለ ፈተና ለምትጨነቁ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ የተወሰደ አንድም ክፍለ ጊዜ የለም።

እኔ ልጅ ሆኜ የቤታችንን በሬ በከሰል የክፍላችን ግድግዳ ላይ ሥዬ ተገርፌያለሁ። ዱላው ተረስቶኛል። በሬው በውሃ ሲታጠብ ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ለዚህ ነው ለልጆቻችሁ የራሳቸው ግድግዳ እንዲኖራቸው የፈለግሁት። የመጋዘኑን የጀርባ ግድግዳ ሰጥተናቸዋል። መመረግ አለበት፤ እዚህ ላይ የእናንተን እጅ እንፈልጋለን። በተለይ እናቶች ግድግዳ በአፈርና በእበት መለቅለቅ የምትችሉ፣ የትኛው ጉድጓድ ቀይ፣ የትኛው ቢጫ አፈር እንደሚወጣበት የምታውቁ፣ ለልጆቹ ከእኛ የተሻላችሁ መምህራን ናችሁ።

አንድ አደራ አለኝ። ልጆቹ ሞቅ ብሏቸዋል። ከዚህ ግድግዳ ውጭ፣ በተለይ በዋሻ፣ በአሮጌ ቋጥኝ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግድግዳ ላይ ምንም እንዳይጭሩ ቤት ውስጥ ንገሩልን። ላስኮን የጎዳው የጎብኚ ትንፋሽ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ማብቀል ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። አሁን ሰው የሚያየው አጠገቡ የተሠራውን አምሳያ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እንገናኝ። ጭድና ውሃ እኛ እናዘጋጃለን። አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ለልጆቹም ቢቆሽሽ የማይቆጭ አሮጌ ልብስ አልብሷቸው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ደሴ ዙሪያ፣ ወሎ