በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ጠመንጃ የአደን ቪዲዮዎች ለምን ረሱት?

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች አደን እየለመድን ስለመምጣታችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ጸሐፊው ለጀማሪዎች «አስቀድማችሁ ቪዲዮ ተመልከቱ» ብለዋል። ምክሩ ባይከፋም ያሳሰበኝ ነገር አለ። በዩቲዩብም ሆነ በቴሌቪዥን ስመ ጥር የሆኑት የአደን ፕሮግራሞች የሚያሳዩን ባለመነጽር ዘመናዊ ጠመንጃ ወይም ቀስት ነው። ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነው፤ ያም ቢሆን ኢንላይን የሚሉት መነጽር የተገጠመለት አዲሱ ዓይነት ነው። ባሩዱን በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ባለባልጩቱንማ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

እኔ በምኖርበት ፔንሲልቬንያ ግን ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለባለባልጩት ጠመንጃ የተለየ የአጋዘን ወቅት አለ። በላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ ጀርመናውያን አንጥረኞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ረጅሙን ጠመንጃ የሠሩበት አገር ስለሆነ ይህ ወቅት ሥር አለው። የሚከፈተው በፈረንጆች ገና ማግሥት ነው። እኛ ያኔ ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንን ሥጋው እስከ ገናችን ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። ኮሎራዶም በሴፕቴምበር ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የአጋዘን ዓይነት በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ለማደን የተለየ ወቅት አላት፤ እዚያ መነጽር መግጠም ክልክል ነው። በሕግ የታወቀና በየዓመቱ ሰው የሚወጣበት አደን ነው እንግዲህ ከስክሪኑ የጠፋው።

ምክንያቱ ካሜራውና ገንዘቡ ይመስለኛል። ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጭስ አጋዘኑን ይሸፍነዋል፤ ተመልካች የሚጠብቃት የመውደቂያ ቅጽበት አትታይም። እርጥበት ከገባበት ደግሞ ይከሽፋል፣ ቀረጻውም ከንቱ ይቀራል። ስፖንሰሩም ቢሆን ከዚህ አዳኝ ብዙ አያገኝም። አንድ ጣሳ ባሩድ፣ የእርሳስ አረር፣ ቁራጭ ጨርቅና ባልጩት ካለው ሌላ ምን ይገዛል?

የሚቀርብን ግን ትልቅ ነገር ነው። ባሩዱ ተለክቶ በአፈሙዙ ይፈሳል፤ ቅባት የነካው ጨርቅ አረሩን ይዞ ይከተላል፤ ከዚያ በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። በጎን ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ደቃቅ ባሩድ ይነሰነሳል። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይጭርና ብልጭታው መጀመሪያ ደቃቁን ባሩድ፣ ከዚያ በቀዳዳዋ አልፎ ውስጡን ያቀጣጥላል። በዚህ መሐል ያለችውን ቅጽበት ፊትህ ሥር እሳት ቦግ እያለ ክንድህን ሳታነቃንቅ መቆም አለብህ። ብትስት እንደገና እስክታጎርስ አጋዘኑ ጫካውን አቋርጧል። በድቡልቡል አረር ደግሞ ከመቶ ሜትር ወዲያ መሞከር እንስሳውን አቁስሎ መስደድ ነውና፣ ነፋሱን አጥንተህ መቅረብ፣ ካልቀረብክም መተው ግድ ይልሃል።

ቤተ ክርስቲያን የማገኘው አንድ ልጅ ገና ፈቃድ ሳያወጣ «አራት መቶ ሜትር የሚመታ ጠመንጃ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የት ሰማህ ስለው «ቪዲዮ ላይ» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ያሳዩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ መሣሪያው ባዕድ አይደለም። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር፤ እንግሊዞች ግን በስተኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ታጥቀው መጡ። አንዷን ተኩሶ ሌላዋን ማጉረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በእጁ የሞከረ ሰው የዚያን ቀን ጭንቅ ከመጽሐፍ በተሻለ ይረዳዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እናንተ ስለ አደን ዳግም ስትጽፉ ይህኛውንም ወቅት ጥቀሱት። በአማርኛ የአደን ቪዲዮ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በመጪው የአሜሪካ ክረምት ባለባልጩቱን ይዛችሁ ውጡ። የከሸፈውንም፣ አጋዘኑ ራቅ ብሎ የተተወውንም አትቁረጡት። ማታ ጠመንጃው በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታጠብም አሳዩን፤ የባሩዱ ጥላሸት ካደረ ብረቱን ያዝገዋል፣ ይህንን ለጀማሪ የሚነግረው ሰው የለም።

አክባሪያችሁ፣
ከፔንሲልቬንያ አንባቢያችሁ